ቤቴ የእኔ ብቻ ነውን?

ለማንበብ፦ ዘዳግም 22፥8፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ 5፥4

በሙሴ ሕግ መካከል አንባቢ ብዙ ጊዜ ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ የጣራውን ዙሪያ በመከታ እንዲያጥር፥ ሰው ከላይ ወድቆ ቢሞት ግን ደሙ ከባለቤቱ እንደሚፈለግ ታስታውቃለች። በዚያ አገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበረ፤ ሰዎች በማታ ይቀመጡበት፥ እህል ያሰጡበት፥ እንግዳም ያሳድሩበት ነበር። ጣራችን ሣር ወይም ቆርቆሮ ለሆነው ለእኛ ለደጋ ሰዎች ትእዛዚቱ የማትመለከተን ትመስላለች። ይሁን እንጂ በጥቂት ቃል ውስጥ የያዘችው ምክር ከጣራ የሚበልጥ ነው።

ቤቱ የባለቤቱ መሆኑን ሕጉ አይክድም። ጥሮ ግሮ የሠራው ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ከጣራው የሚወድቀው ሰው የባለቤቱ አይደለም፤ ሕጉ ወደ ቤቱ የሚገባው በዚህ በር ነው። ደግሞም ጥፋቱ እስኪደርስ ድረስ አይጠብቅም። መከታ ያላደረገ ሰው ማንንም አልገፋም፥ በማንም ላይ ክፉ አላሰበም። ያደረገው ነገር ቢኖር ጥቂት ድንጋይና የጥቂት ቀን ድካም መቆጠቡ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ግን ይህን ቁጠባ ከደም ጋር ቈጠረው።

በአገራችን «ከራስ በላይ ነፋስ» ይባላል። ተረቱ ሰው ከራሱ የሚያስበልጠው የለም ለማለት የተነገረ ነው። ነፋሱ ራሱ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ ግን ተረቱ አላሰበበትም። ከማእድ ቤቴ የሚወጣውን ጢስ ወደ ጎረቤቴ መስኮት፥ በጓሮዬ ያቃጠልሁትንም ቆሻሻ ሽታ ወደ ሕፃኑ አልጋ የሚያደርሰው እርሱ ነው። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ክርስቲያን በገዛ ቤቱ የሚያነደው፥ የሚያፈሰውና የሚጥለው ነገር የምቾቱ ጉዳይ ብቻ ነው፥ ወይስ የኅሊናው?

ጥያቄውን በናይሮቢ ከተማ ላይ ሆነን ብናየው ይበልጥ ይገለጥልናል። ብዙ የአገራችን ልጆች በስደትም በንግድም የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በ1972 እንዲቋቋም የተወሰነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እናነሣለን።) ስለ ፍጥረት መጠበቅ የሚመክሩ የዓለም ጉባኤዎችና ከቆርቆሮ ጎጆ የሚወጣው የከሰል ጢስ በአንዲት ከተማ ሰማይ ሥር ይገናኛሉ።

ናይሮቢ የተቈረቈረችው በ1899፥ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይሠራ የነበረው የባቡር ሐዲድ እዚያ በደረሰ ጊዜ ነው። ስሟ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ኪቤራ የተባለው ሰፊ የድኾች መንደርም ስሙን ያገኘው በዚያ ከሰፈሩት የኑብያ ወታደሮች ቋንቋ ነው፤ ዱር ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ በተባለች ከተማ፥ ዱር በተባለ መንደር፥ ዛሬ ውኃው በጀሪካን ይሸጣል፤ እንጨቱም ከሩቅ አውራጃ ከሰል ሆኖ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል። በሰቆቃወ ኤርምያስ ውስጥ ሕዝቡ የገዛ አገራቸውን ውኃና እንጨት በገንዘብ መግዛታቸውን እያነሡ ያለቅሳሉ። በኢየሩሳሌም ይህ የምርኮ ምልክት ነበር፤ በእኛ ዘመን የከተማ ኑሮ ተብሎ ይጠራል። የሚያሳዝነው ደግሞ በጀሪካን የሚገዛው ድኻ ለአንዱ ሊትር የሚከፍለው በቤቱ ቧንቧ ያለው ሰው ከሚከፍለው ይበልጣል። ከከተማይቱ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ሥራው በ1994 ከተፈጸመው ከንዳካይኒ ግድብ ነው፤ ግድቡን የሚሞሉት ወንዞችም የሚፈልቁት ከአበርዴር ተራሮች ነው። ስለዚህ በተራራው ላይ ደን ሲመናመን በከተማው ያለው ጀሪካን ይሰማዋል።

ስለ ከሰል ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ ነገሩ ከእኛም ቤት የራቀ አይደለምና። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ይከምራል፥ በቅጠልና በአፈር ይሸፍነዋል፥ አየር እየከለከለም ቀስ እያለ እንዲከስል ለቀናት ይጠብቀዋል። በዚህ አኳኋን አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ ዐሥር ኪሎ የሚደርስ እንጨት ያልቃል። ከእንጨቱ ኃይል የሚበዛው አንድ ድስት እንኳ ሳያበስል በዱር ውስጥ ይቀራል። ከሰል በማእድ ቤት ውስጥ ጢሱ ጥቂት ስለ ሆነ የቤቲቱን እመቤት ደስ ያሰኛታል። ጢሱ ግን አልጠፋም፤ በኪቱይ ወይም በናሮክ ቀርቶአል እንጂ። ከዚህም ሌላ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በብርድ ሌሊት ፍሙን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው ሳይነቁ የቀሩ ቤተ ሰቦች በናይሮቢም በአዲስ አበባም ታይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ እሳት ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቶአል። ከእነዚህ የሚበዙት ስለ ምን እንደ ሞቱ ሳያውቁ የሞቱ እናቶች፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት መሆናቸውን ማሰብ ይገባል።

ከሰሉ የሚነድበት ምድጃ በስዋሂሊ ጂኮ ይባላል። የቀድሞው ጂኮ ከብረት ብቻ የተሠራ ስለ ነበረ ሙቀቱ በጎኑ ሁሉ እየወጣ ከድስቱ ይልቅ የእመቤቲቱን እግር ያሞቅ ነበር። በ1981 ስለ አዳዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች በናይሮቢ ታላቅ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም በታይላንድ ይሠራበት ከነበረው የባልዲ ምድጃ ትምህርት ተወስዶ አዲስ ጂኮ ወጣ። ውጭው ቆርቆሮ ነው፥ ወገቡ ቀጠን ያለ ነው፥ ውስጡ ግን የተተኰሰ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ የከሰሉ ወጪ በሲሶ፥ አንዳንዴም እስከ እኩሌታው ድረስ ይቀንሳል። ይህን ምድጃ ያስፋፋው ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። በመንገድ ዳር፥ ጥላ በሌለበት የሚቀጠቅጡ የእጅ ሠራተኞች ናቸው፤ ኬንያውያን ሙያቸውን «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፥ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው። በአገራችን «ላቀች» የምትባለው የከሰል ምድጃ የዚያች የናይሮቢዋ ታናሽ እኅት ናት። ለእንጀራም ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ «ምርጥ» የተባለ ምድጃ አለ፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲተያይ ማገዶውን ወደ እኩሌታ ያወርደዋል። ሙሴ ስለ ጣራ መከታ ሲናገር እንዲህ ያለውን ነገር ማለቱ ነው ብል የማጋንን አይመስለኝም። የተቈጠበው ከሰል በባለቤቲቱ ኪስ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ በሌላ አውራጃ ግን የቆመ ዛፍ ነው፥ ከዛፉም ሥር ያልደረቀ ምንጭ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቀላል መልስ የሌለው ከባድ ነገር ይነሣል። በናይሮቢ መንደሮች ከሰሉን በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ ብዙ ሴቶች አሉ። ከእነርሱ አንዲቱን እናስብ፤ ባል የሞተባት፥ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ናት እንበል። ደንበኛዋ የሆነው ክርስቲያን ለፍጥረት አዝኖ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ቢዞር ዱሩ ጥቂት ያርፋል፤ የእርስዋ ልጆች ግን ራት ያጣሉ። መከታውን ለማን እንሠራለን? ለሩቁ ነው ወይስ ለቅርቡ?

ሰዎች ለዚህ የሚሰጡአቸው ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ፤ ሁለቱም አያጠግቡኝም። አንደኛው ዱሩ የብዙዎች ስለ ሆነ የአንዲት ሴት ገበያ ሊያስቈመን አይገባም ይላል። እንዲህ የሚል ሰው መከታውን ሲሠራ እርስዋን እንደ ድንጋይ ከግንቡ ውስጥ ያኖራታል። ሁለተኛው ደግሞ ድኻ መኖር አለበትና ከሰሉን እንግዛ ይላል። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ ሆኖም ከሰሉን የምንገዛው በእውነት ስለ እርስዋ ቢሆን ኖሮ የልጆችዋን ስም እናውቅ ነበር። እኛ የምንገዛው ስለሚረክስልን ነው፤ ድኽነትዋን ግን ለምቾታችን መጋረጃ እናደርገዋለን።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ከገበያዋ የሚወጣ ሰው ዕዳ ይዞ ይወጣል። በምድጃው ያተረፈው ገንዘብ ሁሉ የእርሱ አይደለም፤ ከፊሉ የእርስዋ ነው። በናይሮቢ የከሰል ብናኝ ሰብስበው፥ በውኃና በአፈር አቡክተው፥ ድብልብል አድርገው እያደረቁ የሚሸጡ የሴቶች ማኅበራት አሉ፤ ቀድሞ የሚጣለው ብናኝ ዛሬ ይበራል፥ ዛፍም አይቈረጥበትም። ሸክላውን ጂኮ በችርቻሮ መሸጥም ይቻላል። ለአንዲት ሴት የመጀመሪያውን ዕቃ መግዣ መስጠት ለአንድ ማኅበረ ምእመናን ከባድ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ሩቁንና ቅርቡን ጎረቤት እርስ በርሳቸው ሳናጣላ ሁለቱን ማገልገል እንጀምራለን። መንገዱ ረጅም ነው፥ ሁሉንም አያድንም፤ ነገር ግን ከሁለቱ ፈጣን መልሶች ይልቅ እውነት አለበት።

መንግሥትም ይህን ችግር ቀምሶታል። በየካቲት 2018 የኬንያ መንግሥት በመንግሥት ደኖች ዛፍ መቍረጥን ከለከለ፤ ክልከላው እስከ ሐምሌ 2023 ቈየ። በዚያን ጊዜ በናይሮቢ የአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ እጅግ ወጣ። ደኑ በእርግጥ ተጎድቶ ነበርና ክልከላውን አልነቅፍም። ነገር ግን የተጨመረውን ዋጋ የከፈለው ደኑን ሸጦ የበለጸገው ሰው አልነበረም፤ ጋዝ ለመግዛት አቅም የሌለው ነበረ። መከታው ተሠራ፤ የተሠራው ግን በመንገደኛው ገንዘብ ነው።

የሙሴ ቃል የሚናገረው ለቤቱ ሠሪ ነው። በናይሮቢ የሚበዛው ሕዝብ ተከራይ ነው፤ በቆርቆሮ ክፍል የሚኖር ሰው መስኮት ሊያወጣ፥ የጢስ መውጫ ሊያበጅ፥ የጣራውን ውኃ በአሸንዳ ሊቀበል አይችልም። አንድ ሚስማር እንኳ ሳያስፈቅድ አይመታም። ይህን ሰው «ለምን ፍጥረትን አትጠብቅም?» ብሎ መውቀስ በሰው ሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። ብዙ ከተሰጠው ብዙ እንደሚፈለግ ጌታችን አስተምሮአል (ሉቃስ 12፥48)። ስለዚህ ወቀሳው ክፍሎቹን ወደሚያከራየው ይዙር፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ በእሑድ ቀን ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ወንድማችን ነው። ዐሥር ክፍል ሠርቶ ለዐሥሩም አንድ መስኮት ያላወጣ ክርስቲያን መከታ የሌለው ዐሥር ጣራ ሠርቶአል።

ስለ ፌስታል ብዙ መናገር አያስፈልግም። ኬንያ ነሐሴ 28 ቀን 2017 የፕላስቲክ ከረጢትን ከለከለች፤ ቅጣቱም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት የሚደርስ ነው። ሰዎችም ወደ ገበያ ሲሄዱ እንደ አያቶቻቸው ዘንቢል መያዝን እንደ ገና ተማሩ። መምህሮቻችን የሕግ የመጀመሪያው ጥቅም የሚሉት ይህ ነው፤ ሕግ ክፉን እንደ ልጓም ይገታል፥ ልብን ግን አይለውጥም። ቢሆንም ወንዝ በፌስታል ሲዘጋ የሚያጥለቀልቀው በዳር የሚኖረውን ድኻ ስለ ሆነ ልጓሙም ምሕረት ነው።

ከዚህ የሚከብደው «ጣልሁት» የምንለው ቃል ነው። ወዴት ጣልነው? ናይሮቢ ቆሻሻዋን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ዳንዶራ ትወስዳለች፤ በክምሩ ዙሪያ ሕፃናት ይኖራሉ፥ ትምህርት ቤትም አለ። እኛም በዚህ ነገር ልንፈርድ አንችልም። መጋቢት 11 ቀን 2017 በአዲስ አበባ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ተራራ ተናደ፤ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳትም ከሥሩ በነበሩት ደሳሳ ጎጆዎች ውስጥ ተቀብረው ሞቱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህን ተራራ የከመረው ማን ነው? ለዐምሳ ዓመት ያህል እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጥቂት አመጣ። ልጣጩንና ዐመዱን ለይቶ በጓሮው ቀብሮ ማዳበሪያ ሊያደርገው ይችል የነበረው ሰው አልለየውም፤ የሚያለያየው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ከሥሩ ለሚኖሩትም ሌላ መሬት አልተሰጠም። ማንም አልገፋቸውም። የሙሴ ትእዛዝ የምትናገረው ግን ስለ ገፋ ሰው አይደለም። ዕንባቆምም በሊባኖስ ዛፎችና አራዊት ላይ የተደረገው ግፍ ተመልሶ በአድራጊው ላይ እንደሚወድቅ ሲናገር (2፥17) እንዲህ ያለውን መዘግየት የሚያውቅ ይመስላል፤ ፍርዱ ይዘገያል፥ አንዳንዴም ያለ ቦታው በድኾች ላይ ይወርዳል።

ኤሌክትሪክ ንጹሕ ነው ብለንም ፈጥነን እጃችንን አንታጠብ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በናይሮቢ አጠገብ እስካለው እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የአገራችንን ኃይል ለኬንያ ይሸጣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ከሰልን ሊተካ የሚችል ነውና። ሆኖም ኃይሉ ከኦሞ ወንዝም ይመነጫል፤ በኬንያ ያለው የቱርካና ሐይቅም ከውኃው ዘጠኝ እጁን የሚያገኘው ከዚያው ከኦሞ ነው። በናይሮቢ አምፑሉን የሚያበራው ሰው፥ በኦሞ ዳር ማሽላ የሚዘራውና በቱርካና መረብ የሚጥለው ሳይተያዩ ጎረቤታሞች ሆነዋል። አምፑሉ ይብራ፤ በባዶ ክፍል ውስጥ ሲያድር ግን የሚባክነው የእነዚህ ሰዎች ነገር መሆኑ ይታሰብ።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሌሎች ፈጥነው ሊያውቁት የሚገባ አደጋም አለ። በ1517 ሉተር የተነሣው የኃጢአት ማስተስረያ ደብዳቤ በገንዘብ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም በአውሮፕላን የሚመላለስ ባለጸጋ በድኻ አገር ዛፍ እንዲተከልለት ገንዘብ ይከፍልና ኅሊናው ያርፋል፤ ኑሮው ግን እንደ ነበረ ነው። የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን በ2017 በናሚቢያ በዊንድሁክ ባደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ድኅነትም ሰውም ፍጥረትም ለሽያጭ አይደሉም ብሎ የመነጋገሪያ ርእስ ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌላም ፈሪሳዊነት አለ፤ በጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ያቆመ ሰው ከሰል የምታነደውን ጎረቤቱን በንቀት ሲያይ በመቅደስ የቆመውን ጸሎተኛ ይመስላል። በናይሮቢ በጊጊሪ በ2011 የተመረቀው የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት ለ1,200 ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ በጣራው ላይ 6,000 ካሬ ሜትር የሚያህል የፀሐይ ኃይል መቀበያ ተዘርግቶበታል፥ ያማረም ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጣራ ማንንም በእግዚአብሔር ፊት አያጸድቅም። ላቀች ምድጃም አታጸድቅም። የምንጸድቀው በክርስቶስ ነው፤ ምድጃይቱ እኛን ከማዳን ሥራ ነጻ ስለ ወጣች ሁለንተናዋን ለጎረቤት ልታገለግል ትችላለች። ይህን የሳተ ሰው ወይ ይታበያል፥ ወይ ምንም እንደማይጠቅም አይቶ ተስፋ ይቈርጣል።

ስለ ዛፍ ስንናገር ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በ1940 በኒዬሪ አውራጃ ተወለዱ፤ በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ተቀበሉ። ሰኔ 5 ቀን 1977 በናይሮቢ በካሙኩንጂ ሜዳ ሰባት ዛፎች ተክለው የአረንጓዴ ቀበቶን እንቅስቃሴ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በመላው አገር የገጠር ሴቶች የተከሉት ከ30 ሚሊዮን በለጠ። በ1989 በኡሁሩ መናፈሻ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃወሙ፤ በጥር 1999 የካሩራን ደን ለግል ሕንፃ ከመከፋፈል ሊያድኑ ችግኝ ይዘው በሄዱ ጊዜ ራሳቸውን ተመትተው ደሙ። ደኑ አልተከፋፈለም፤ ከ1,000 ሄክታር የሚበልጠው ካሩራ ዛሬም በከተማው መካከል ቆሞአል። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። በመስከረም 2011 ባረፉ ጊዜም እንደ ፈቃዳቸው ለሬሳ ሣጥናቸው ዛፍ አልተቈረጠም፤ ከቀርከሃ፥ ከደንገልና በሐይቅ ላይ ከሚበቅል አረም ተሠራ። የሰው የመጨረሻይቱ ቤት እንኳ መከታ ሊኖራት እንደሚችል ያሰቡ ሴት ነበሩ።

እርሳቸው ስለ ልጅነታቸው በጻፉት መጽሐፍ የሚተርኩት አንድ ነገር እኛን በተለይ ይመለከታል። በኪኩዩ ሕዝብ ዘንድ ሾላ የተከበረ ዛፍ ነበረ፤ እናታቸውም ከእርሱ ሥር ማገዶ እንዳይለቅሙ ከልክለዋቸው ነበር። በዛፉ አጠገብ ምንጭ ነበረ። ከዓመታት በኋላ ዛፉ ተቈርጦ ሻይ ሲተከል ምንጩም ደረቀ። የሾላው ሥር ወደ ጥልቅ ወርዶ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣው እንደ ነበረ ያስተዋሉት በኋላ ነው።

በእኛም አገር ወንጌል በገባባቸው ስፍራዎች አንዳንድ አማኞች ቅቤ ይቀባ የነበረውን የአድባር ዋርካ በመጥረቢያ መቱ። እነዚያን ወገኖች አልነቅፍም። በፍርሃት ለተገዛ ሰው ዛፉ መውደቁ የነጻነት ደወል ነበረ። ነገር ግን ጣዖቱ በሰው ልብ ውስጥ ነበረ፤ ግንዱ ምንም አልበደለም። አለማምለክ አንድ ነገር ነው፥ ማጥፋት ሌላ ነው። እኛ በሬንም አናመልክም፥ ነገር ግን ስለዚህ ብለን በሬውን አንገድለውም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የተጓዘ ሰው በታረሰው ምድር መካከል እንደ ደሴት የቀሩ ደኖችን አይቶአል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸዶች ናቸው። የአገሩ ወይራና ጽድ ዘሩ የቀረው ብዙ ጊዜ በዚያ ብቻ ነው። በትምህርት የሚለየን ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ ሆኖም የእኛ ጸሎት ቤቶች ዐጸድ ራቁቱን ወይም በባሕር ዛፍ ብቻ ተከቦ ሲታይ ከጎረቤታችን መማር የሚያሳፍር አይደለም።

ዓለሙ ሊያልፍ ስለ ምን እንደክማለን የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ 2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3ንም ይጠቅሳሉ። ዓለሙ እንደሚያልፍ እናምናለን። ነገር ግን እነዚህ ወንድሞች ሥጋቸውም እንደሚያልፍ እያወቁ ይታጠባሉ፥ ያረጀ ጣራቸውም ሲያፈስ ይከድናሉ። ቤት የሚያልፍ በመሆኑ እንዲያፈስ አይተዉትም፤ በውስጡ ልጆቻቸው ተኝተዋልና።

እንግዲህ ከየት እንጀምር የሚል ቢኖር፥ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ካህኑ በግድግዳው ላይ ደዌ የታየበትን ቤት ሊመረምር ወደ ውስጥ ሲገባ እናያለን። የእኛ ሽማግሌዎችም ምእመናንን ለመጐብኘት ሲሄዱ በእንግዳ ክፍል ብቻ ባይቀመጡ፥ ወደ ማእድ ቤቱም ገብተው ጢሱን በዓይናቸው ቢያዩ መልካም ነው። ከዚያም አስቀድመው ወደ ራሳችን ጸሎት ቤት ጣራ ይመልከቱ። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል፤ 200 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ጸሎት ቤት ዐሥር ሚሊ ሜትር በዘነበበት በአንድ ከሰዓት በኋላ እስከ 2,000 ሊትር ይቀበላል። ናይሮቢ በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት አላት፥ ደጋውም ክረምት አለው። አሁን ግን ይህ ውኃ በብዙ ስፍራ አፈሩን እየቦረቦረ ወደ ገደል ይሄዳል። አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን መግዛት ከአንድ የድምፅ ማጉያ ዋጋ ብዙ አይበልጥም። ጋኑ በተሞላ ጊዜ ደግሞ ጉባኤው ተሰብስቦ ቧንቧው ከአጥሩ ውስጥ ይሁን ወይስ ከአጥሩ ውጭ፥ የእምነታችን ተካፋይ ያልሆነችው ጎረቤትም ጀሪካንዋን ይዛ ስትመጣ ማን እንደሚቀዳላት ይወስን።